የሚባልበት ቀን

የእናቴ ወንድም ድጓ ያስመሰከሩት ቤተልሔም ነው፤ የይሁዳዋ ሳትሆን የጋይንቷ ቤተልሔም። ስለ ሥራዬ የጠየቁኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ነፋስ መውጫ ነበርን፤ የጉና ብርድ ጋቢ አልፎ አጥንት የሚነካበት ማለዳ ነበር። እሳት ዳር እንደተቀመጥን «ለመሆኑ አንተ አዲስ አበባ ምን እየሠራህ ነው የምትበላው?» አሉኝ። ሰው ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው። «የኔታ፣ ኮምፒውተር ሲሠራ የት እንደሚዘገይ፣ ምን ያህል ነገር በማስታወሻው እንደሚይዝ የሚከታተል መሣሪያ እንሠራለን» አልኳቸው። እጃቸውን ከእሳቱ ሳያነሡ ትንሽ አሰቡና፣ «የያዘው መቼ ነው የሚባለው?» አሉ።

ጥያቄው አልገባኝም። የገባኝ መስሎኝ «ሲጠየቅ ነዋ» ብዬ አለፍኩት። እሳቸውም አልተከራከሩኝም፤ ተማሪ ያልገባውን ሲመልስ ማየት የለመዱት ነው።

ለድጓ ሰው የሚባልበት ቀን የሌለው ቃል የለም። የቤተ ክርስቲያኑ የዜማ መጽሐፍ፣ ድጓ፣ የተዘረጋው በዓመቱ ላይ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር መጨረሻ ዮሐንስ ይባላል፤ ከታኅሣሥ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ አስተምሕሮ፤ በጾሙ ጾመ ድጓ፤ ከትንሣኤ እስከ ጳጉሜን ፋሲካ። ከጋይንትም፣ ከስማዳም፣ ከሩቅ አገርም የመጣው ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ሌሊት በቃል ቀን በመጽሐፍ ዓመታት የሚደክምበት ይኸው ነው። ሸክሙ ከባድ ቢሆንም እያንዳንዱ ቅንጣት ቀጠሮ አለው። ዘንድሮ የተባለው ለከርሞ በዚያው ዕለት ተመልሶ ይጠራል።

የድጓ መጽሐፍ ገልጦ ያየ ሰው ከቃሉ በላይ በደቃቅ የተጻፉ ፊደላት ማስተዋሉ አይቀርም። ምልክት የሚባሉት ናቸው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሯቸው ትውፊቱ ይናገራል። ምልክቱ ዜማውን አይጽፈውም። አንድ ሁለት ፊደል ያስቀምጥና «ያንን የምታውቀውን እዚህ አምጣው» ይላል። ዜማው ያለው ብራናው ላይ ሳይሆን መሪጌታው ዘንድ ነው፤ ለማያውቀው ሰው ምልክቱ ከዝንብ ኩስ አይለይም። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለውን ነገር ፖይንተር እንለዋለን፤ ራሱ ዕቃው ያልሆነ፣ ዕቃው የተቀመጠበትን ቦታ የሚያመለክት ቁጥር። እስቴ ያለው ቆማ ደግሞ የራሱ የዜማ ስልት አለው፤ ያው ቃል በቤተልሔም አንድ ዓይነት፣ በቆማ ሌላ ዓይነት ሆኖ ይወጣል። ጽሑፉ አንድ ነው፤ የሚለየው ምልክቱን ያነበበው ሰው ውስጥ ያለው ነው።

አሁን ወደ እኔ እንጀራ ልመለስ።

ፕሮፋይለር የሌላን ፕሮግራም ሥራ የሚከታተል ፕሮግራም ነው። በሰከንድ 99 ጊዜ ያህል ቀና ይልና «አሁን የሚሠራው ማን ነው? እሱን ማን ጠራው? የጠራውንስ ማን ጠራው?» እያለ እስከ ሥሩ ወርዶ ይመዘግባል። ከብዙ ሺህ ምዝገባ በኋላ ጊዜው የት እንደሚባክን ይታወቃል። ቁጥሩ 100 ሳይሆን 99 የሆነው በስህተት አይደለም። ብዙ ፕሮግራሞች በየመቶኛ ሰከንዱ የሚያከናውኑት ሥራ አላቸው፤ ታዛቢው እኩል ምት ቢመታ ሁልጊዜ ያንን ሥራ ብቻ ሲያይ፣ ወይም ሁልጊዜ ያንን ሥራ ሲስት ይኖር ነበር። ስለዚህ አንዲት ምት አጎደሉለት። ከመላው ሙያዬ ውስጥ ይህችን ጉድለት የምወዳትን ያህል የምወደው ነገር የለም።

የእኛ መሣሪያ ለእያንዳንዱ ትሬድ 64 ኪሎባይት የሚሆን ደብተር ይከፍታል። ትሬድ ማለት በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሄዱት የሥራ መስመሮች አንዱ ነው፤ ይወለዳል፣ ሥራውን ይጨርሳል፣ ይሞታል። ሲሞት ደብተሩ ወደ ዋናው መዝገብ ይገለበጥና ቦታው ለማሽኑ ይመለሳል። ቢያንስ እኛ የሚመለስ ይመስለን ነበር። መገልበጡ በትክክል ይሠራል፤ የሟቹ ስም ግን ከዝርዝሩ አይፋቅም። ዝርዝሩ ስሙን እስከያዘ ድረስ ደብተሩም ባዶውን ተይዞ ይኖራል። በሰከንድ አንድ ትሬድ በሚወለድበትና በሚሞትበት ሰርቨር ላይ ይህ በሰዓት 230 ሜጋባይት፣ በቀን 5.5 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። 8 ጊጋባይት ያለው ማሽን ሁለተኛውን ቀን አይጨርስም።

ይህን እኛ ሜሞሪ ሊክ እንለዋለን፤ ፕሮግራሙ «ያፈሳል» ነው የሚባለው። ስሙ ያሳስታል። የሚያፈስ እንስራ ይጎድላል፤ የሚያፈስ ፕሮግራም ግን ይሞላል። ፈሰሰ የሚያሰኘው ከማሽኑ ባለቤት አንጻር ሲታይ ነው፤ የተበደረውን ቦታ ስለማይመልስ ለሌላው ጠፍቷል። እኔ ስም አውጣ ብባል ንፍገት እለው ነበር፤ ግን ንፉግ እንኳ የያዘውን ያውቃል፣ ሌሊት ተነሥቶ ይቆጥራል። ይኸኛው ይዞ የማያውቅ ነው። የኮምፒውተር ቃላት ወደ አማርኛ ሲተረጎሙ ሜሞሪን «ማኅደረ ትውስታ» ያሉት ሰዎች ማኅደር ማለት የመጽሐፍ መያዣ ቆዳ እንደሆነ ያውቁ ነበር። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ማኅደር አስቡ፤ ውስጡ መጽሐፍ የለም፤ ማንም ግን ከችንካሩ አያወርደውም፤ ቤቱ እስኪጠብ አጠገቡ ሌላ ይሰቀላል፣ ሌላም ይሰቀላል።

ጉዳዩን መራራ ያደረገው የት መከሰቱ ነው። መሣሪያችንን የሚጠቀም አንድ ድርጅት የራሱ ፕሮግራም የሚያፈስ መስሎት ኮዱን ለሳምንታት በረበረ። ፕሮፋይለራችን ሽቅብ የሚወጣውን መስመር በሚያምር ቀለም ያሳያቸዋል፤ ጥፋተኛውን ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። ዝምታውም ከእኛ የመጣ ነበር። አንድ ፕሮግራም ቦታ በጠየቀ ቁጥር ያንን የሚመዘግብ መሣሪያ፣ ለመመዝገብ ራሱ ቦታ ይጠይቃል፤ ያም መመዝገብ አለበት፤ ለዚያም ምዝገባ ቦታ ያስፈልጋል፤ መጨረሻ የለውም። ስለዚህ ከመግቢያው ላይ «የራስህን አትቁጠር» የሚል ትእዛዝ አኖርንለት። ያለዚያ መሥራት አይችልም። ዓይን ራሱን ቢያይ ሌላ ለማየት ጊዜ አያገኝም ነበር መሰለኝ። የተደበቀውም በዚያች ለሥራው ሲባል በተፈቀደች ዕውርነት ውስጥ ነው። ያገኘው ሰው ተራቅቆ አይደለም ያገኘው፤ ሰልችቶት መሣሪያውን አጠፋውና መስመሩ ቀጥ አለ።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ብቻ አልደረሰም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 2012 የአማዞን የኮምፒውተር አገልግሎት ሰሜን ቨርጂኒያ ላይ ተናግቶ ብዙ የታወቁ ድረ ገጾች ወደቁ። ኩባንያው በኋላ ያወጣው ማብራሪያ እንደ ተረት የሚነበብ ነው። ከማከማቻ ማሽኖቹ መረጃ የሚሰበስብ አንድ ሰርቨር ተበላሽቶ ተተካ፤ የአዲሱ አድራሻ ግን ለሁሉም አልደረሰም። በየማሽኑ የተቀመጠችው ትንሿ ተከታታይ ፕሮግራም ከሞተው ሰርቨር ጋር ለመገናኘት ደጋግማ መሞከሯን አልተወችም። ውስጧ ተኝቶ የቆየ ስህተት ነበረና እየሞከረች ጥቂት በጥቂት ማስታወሻ ትይዛለች፤ አትለቅም። የምትሰበስበው መረጃ አንዳንዴ ቢጎድል ችግር እንዳይሆን ተደርጎ ስለተሠራ መጉደሉን ማንም ልብ አላለም። ማሽኖቹን የጣለው የሚጠበቀው ሥራ አልነበረም፤ ጠባቂዋ ናት፤ የማይመልስላትን እየጠራች።

ሁለተኛ ጊዜ ጋይንት ስሄድ ይህን ሁሉ ለየኔታ ነገርኳቸው። ትሬድ ምን እንደሆነ ማስረዳት አልሆነልኝምና «ሎሌ በሉት፤ ሥራውን ጨርሶ ይሞታል» አልኳቸው።

«ከሞተ በኋላ ነው ደብተሩን የያዛችሁለት?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ መቼም የለውም። ችግሩ እሱ ነው።»

«ለሞተማ ቀን አለው፣ ልጄ» አሉና በጣታቸው ቆጠሩልኝ፤ ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ዓመት፣ ሰባት ዓመት። ሰባት ዓመት ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ከፈቱት።

የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ መያዝንና መርሳትን እንደ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ነበር የማያቸው፤ የያዘ ያስታውሳል፣ የለቀቀ ይረሳል። ለእሳቸው ግን መያዝ ብቻውን ምንም አይደለም። ማስታወስ ማለት መጥራት ነው፤ የሚጠራበት ቀን ሳይኖረው የተቀመጠ ነገር አልታወሰም፣ አልተረሳምም። ሊክ የምንለው ይህንን ሦስተኛውን ነው። ለሟች ሐዘኑም መርሐ ግብር አለው፤ ቀኑ እየራቀ፣ እየሳሳ ይሄዳል፤ የሰባተኛው ዓመት ተዝካር ከወጣ በኋላ ሟቹ ተረሳ አይባልም፤ ተለቀቀ እንጂ። እኛ ለትሬዱ አርባውን እንኳ አላወጣንለትም።

ከዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ነገሩ «ልቀቅ» በሚል ቃል አያልቅም። ስሙን ከዝርዝሩ ያልፋቀችውን መስመር የጻፍኳት እኔ ነኝ። ስጽፋትም ፈርቼ ነው። ሪፖርት የሚያወጣው ክፍል ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ እሱ እያነበበ ሳለ ደብተሩ ቢለቀቅ ማሽኑ ያንን ቦታ ወዲያው ለሌላ ይሰጠዋል። ፖይንተሩ የድሮውን ቦታ እያመለከተ ይቀራል፤ እዚያ ያለው ግን ሌላ ነገር ነው። ምልክቱ ብራናው ላይ እንዳለ ሆኖ የሚያመለክተው ዜማ በመሪጌታው ውስጥ በሌላ ተተክቷል እንበል፤ ለትንሣኤ ዋዜማ የተሰበሰበው ሕዝብ ምን እንደሚሰማ አስቡት። ያለጊዜው መልቀቅ ከንፍገት የባሰ ነው፤ ቢያንስ የሚያፈስ ፕሮግራም እስኪወድቅ ድረስ እውነት ይናገራል። ስለዚህ «ምናልባት የሚጠይቅ ይመጣ ይሆናል» ብዬ ያዝኩት። ያቺ «ምናልባት» ናት በቀን 5.5 ጊጋባይት የበላችው።

የጋይንት ገበሬ በክፉ ቀን ቤቱ እየተራበ የዘር ገብሱን ከጎታ የማያወርደው በ«ምናልባት» አይደለም። የሚዘራበት ወር ይታወቃል።

ለመያዝና ለመልቀቅ ድንበር ማበጀት ሙያችን ገና ያልጨረሰው ሥራ ነው። ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሊስፕ የተባለውን ቋንቋ ሲሠራ መጥረጉን ለማሽኑ ሰጠው፤ ከየትም መንገድ የማይደርሰው ነገር ቆሻሻ ነውና ይጠረግ አለ። ብልህ መፍትሔ ነው። ግን «ይደረስበታል ወይ?» የሚለውን እንጂ «ይፈለጋል ወይ?» የሚለውን አይመልስም፤ በእኛ የሙታን ዝርዝር እኮ እያንዳንዱ ደብተር ይደረስበት ነበር።

ይህ ልዩነት ከኮምፒውተር ውጭም ይከተለኛል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም እየተነሡ ቅጂያቸው ወደ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ይላክ ነበር፤ ከ9,000 በላይ ሆኑ። እንዲህ ያለ ክምችት ብቻውን ሲቀመጥ ምንድን ነው? ይደረስበታል፤ ማን ግን ይጠራዋል? ምሁሩ ጌታቸው ኃይሌ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው፣ ዕድሜያቸውን በዚያ ካታሎግ ላይ ባያሳልፉ ኖሮ የፊልሙ ሳጥን ከእኛ ዝርዝር የሚለየው በጥራቱ ብቻ ነበር ብዬ አስባለሁ። የካታሎግ ሥራ አሰልቺ ይመስላል። ዕቃን ወደ ጥሪ የሚያደርሰው ግን እሱ ነው።

በሌላው ጫፍ ቅኔ አለ። የቅኔ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ የተዘረፈ ቅኔ አይደገምም። ለዕለቱ ተፈጥሮ፣ በዕለቱ ተብሎ፣ ያልፋል። አንድ ጊዜ የኔታን በወጣትነታቸው ከዘረፉት ቅኔ አንድ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። «ተብሏል» አሉኝ። መልሱ ይኸው ነው። የቀረ ካለ የሰማው ሰው ወዶ የያዘው ነው፤ ያዢው ሌላ፣ ባለቤቱ ሌላ። እኚያው ሰው አንዲት የጾመ ድጓ ሐረግ ብትሳሳትባቸው የሚያፍሩ፣ የራሳቸውን ሥራ በሺህ ቢቆጠር በደጃፍ እንደ ወጣ ጢስ ያዩታል። ከዚያ ወዲህ «ባህላችን ሁሉን ያስታውሳል» የሚል ንግግር ስሰማ ደስ አይለኝም። ሁሉን አያስታውስም። ምን እንደሚለቅ የሚያውቅ ነው።

እርግጥ ያለ ቀጠሮ ተይዞ የከበረ ነገርም አይጠፋም። ቶማስ ፓከንሃም በወጣትነቱ ጋይንት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ የጻፈው የቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሲታይ የአገሩ ሁሉ ዓይነት ክብ የሣር ክዳን ቤት ነው፤ ከውስጥ ግን ከመካከለኛው ዘመን የቀረ፣ በድንጋይ የተሠራ ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ ተሸሽጎ ቆሟል። አዲሱ አሮጌውን አላፈረሰም፤ ዙሪያውን ሠርቶ ዋጠው። እኛ ይህንን በኮድ ብናደርገው የሚገመግመው ሰው ያብዳል። እዚያ ውስጥ ግን ቅዳሴው ይቀደስ ነበር፤ ስለዚህ ክርክሬን አያፈርስብኝም።

ማስተካከያው ሦስት መስመር ሆነ። ክርክሩ ሁለት ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ የሟች ትሬድ ደብተር የመጨረሻው አንባቢ «ጨርሻለሁ» እስኪል ይቆያል፣ ከዚያ ስሙ ይፋቃል፣ ቦታው ይመለሳል ብለን ተስማማን። መስመሩ ሽቅብ መውጣቱን ትቶ እንደ መጋዝ ጥርስ ከፍ ዝቅ እያለ አንድ ቦታ ላይ ጸና። ልፋታችንን ለማረጋገጥ ቫልግራይንድን አስነሣን፤ እሱም የሌላውን ፕሮግራም ማስታወሻ የሚመረምር ነው፤ ሲመረምር ከ10 እጥፍ በላይ ያዘገየዋል። ፕሮግራሙ ሲያበቃ የቀረውን በየወገኑ ይለይልሃል፤ በእርግጥ የጠፋ፣ ከሌላው ጋር አብሮ የጠፋ፣ ምናልባት የጠፋ፣ ገና የሚደረስበት። ቀድሞ የሙታኑን ደብተሮች የመዘገበው በዚህ በአራተኛው ስር ነበር፤ እኛም «ይደረስበታል ካለ ደህና ነው» ብለን ስናልፈው ከርመናል።

አሁን ሦስቱ ዜሮ ሆኑ። በአራተኛው ስር አንድ ብቻ ቀረ፤ 72,704 ባይት።

ቀኑን ሙሉ ፈለግሁት። የእኛ አልነበረም። የሲ ፕላስ ፕላስ ቤተ መጻሕፍት ራሱ ፕሮግራሙ ሲጀምር ወስዶ የሚያስቀምጠው ነው፤ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ አይነካውም፣ አይመልሰውም። ለምን እንደሚይዘው ያነበብኩ ጊዜ ከወንበሬ ተነሣሁ። አንድ ቀን ማስታወሻው ሁሉ አልቆ ምንም የሚሰጥ ቦታ ሲጠፋ፣ «አልቋል» ብሎ ለመናገር እንኳ ቦታ ያስፈልጋል። ያቺን ቃል ለመያዝ ነው። በአብዛኛው ፕሮግራም ዕድሜ ውስጥ ያ ቀን አይመጣም።

በጋይንቱ ዙር አባ ዝማሬ መዋሥዕት የሚማሩ አሉ። መዋሥዕት የሙታን ዜማ ነው። ተማሪው ጤነኛ ወጣት ሆኖ፣ ማን እንደሚሞት ሳያውቅ፣ ቀኑ ያልተቆረጠለትን ነው ተቀምጦ የሚያጠናው። ይህን ለየኔታ መቼ እንደማነሣባቸው አላውቅም፤ ለዚያ የሚሉት ነገር አያጡም።

72,704ቱን አልነካሁትም።